የታንጉት በቅሎ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ከባጃጅ ስታወርደኝ የድምፅ ማጉያ ሰማሁ። መጀመሪያ ሎተሪ የሚያዞሩ መስለውኝ ነበር። ጠጋ ስል ግን ወጣቶች ናቸው፤ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ የካርቶን ሳጥን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መራመድ ለማትችል ልጅ ባለ ጎማ ወንበር መግዣ አላፊ አግዳሚውን ይለምናሉ። ልጅቱም እዚያው ነበረች፤ እናቷ ጀርባ ላይ። ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል። የመታዘል ዕድሜዋ አልፏል። እግሮቿ ከእናቲቱ ጉልበት በታች ወርደው ይወዛወዛሉ፤ እናቲቱም ወገቧን አጉብጣ በየጥቂቱ በትከሻዋ ወደ ላይ ታነሣታለች፤ ልጅቱ መልሳ ትንሸራተታለች፤ ደግሞ ታነሣታለች። ያን አነሣስ አውቀዋለሁ። ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ግን አውቀዋለሁ።

መቀነቴን ፈትቼ የነበረችኝን ከሳጥኑ ጨመርሁ። «እማማ፣ ስምዎን ማን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ አንደኛው። «ታንጉት በል» አልሁት። የልጅ ልጄ ዞር ብላ አየችኝ፤ የእኔ ስም ስመኝ ነውና። ቤት ስንገባ «ታንጉት ማን ናት፣ እማማ?» አለችኝ። እህቴ ናት ብያት አለፍሁ። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልቻልሁም። አሁን ግን ልናገረው።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም የሚባል ስም አልነበረም፤ ወጀት ነበር የምንላት። ዛሬ ባንኩና ሆቴሉ በተሰለፈበት፣ ያኔ ገበያው ሾላ ጥላ ሥር ነበር የሚቆመው። ከወዲያ ማር በቅል፣ ከወዲህ ቅቤ በኮባ ቅጠል፣ ፊት ለፊት አቡጀዲ የዘረጉ ሙስሊም ነጋዴዎች። የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ለእኔ እስከ ዛሬ የዓመት በዓል ሽታ ነው። ጣሊያን ገብቶ የወረቀት ገንዘብ አምጥቶ ነበር፤ ገበሬው ግን «ወረቀት በእሳት ይነዳል፣ በውኃ ይርሳል፣ አይጥ ይበላዋል» እያለ እጁን አይዘረጋለትም። የሚታመነው ጠገራ ብር ነበር፤ ያች የፈረንጅ ሴት መልክ ያለባት። ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው፣ ድምጿን አዳምጠው ነው የሚቀበሏት። ለዝርዝሩ አሞሌ ጨው አለ። የዛሬ ልጆች ባጃጅ በሚሳፈሩበት ሒሳብ ያኔ በሬ ይነዳ ነበር ብላቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያ ርካሽ የምለው ዋጋ ለእኛ ምን ያህል ሩቅ እንደነበረ ግን ልነግራቸው አልችልም።

የእኛ መንደር ከወጀት ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ደብራችን አቦ ከብር ወንዝ ማዶ ነው፣ እኛ ከወዲህ። ክርስትናው፣ ሰንበቴው፣ ቀብሩ፣ ሁሉም ብርን መሻገር ነው። አሁን ድልድይ አለው፤ የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች ሳታውቀው ታልፈዋለች። ያኔ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ፣ በክረምት ደግሞ በዋናተኛ ትከሻ ነበር።

ታንጉት ከእኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች። አራት ዓመቷ ላይ ትኩሳት ያዛት። ሦስት ቀን ነደደች፤ በአራተኛው ቀን ቀለል አላትና ውኃ ጠየቀች፤ እናታችን እልል አለች። ከመደቡ አንሥታ ስታቆማት ግን ልጅቱ ከወገቧ በታች እንደ እርጥብ ሸማ ታጠፈች። ጸበል ተወሰደች፤ ወጌሻ አሻት፤ ደብተራ ክታብ ጻፈላት። እግሮቿ ቀጠኑ እንጂ አልዳኑም። አፏ ግን የሁላችንንም እግር ያህል ይሄድ ነበር። ከደጃፍ ሳትነሣ የማን ላም እንደ ወለደች፣ ማን ከማን እንደ ተኳረፈ፣ ማን አዲስ ቀሚስ እንዳሰፋ ታውቃለች። ያላየችውን ስታወራ ካየነው ከእኛ ይልቅ ያምርባታል።

እናቴ ይታይሽ አዝላት ነው ያሳደገቻት። ወፍጮ ስትፈጭ ጀርባዋ ላይ፣ እንጨት ስትለቅም ጀርባዋ ላይ። ሴቶቹ «ይታይሽ ሁለት ራስ አላት» ይሉ ነበር፤ በክፋት አይደለም፤ ከርቀት ሲያዩዋት እውነትም እንደዚያ ትመስላለች። ታንጉት እያደገች፣ እናቴ እያጠረች ሄደች።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ መንገድ ማስጠረግ ሲጀምር አባቴ ውጅግራ ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ። ዱር የገባ ሰው መንደር ደግሞ ይቃጠላል። እንዲህ ሆነና የእኛ ኑሮ ጆሮን ቀና አድርጎ መኖር ሆነ። ከተራራው ላይ የሚጠብቅ ሰው «መጡ!» ብሎ ሲጮህ፣ የያዙትን ጥሎ ብርን ተሻግሮ ከአቦ በላይ ወዳለው ደን መሮጥ ነው። የመጀመሪያው ጩኸት የመጣ ቀን እናቴ ታንጉትን አዝላ ወንዙ መካከል ስትደርስ ድንጋዩ አንሸራተታት። እጇን ብትዘረጋ ኖሮ ትተርፍ ነበር፤ እጆቿ ግን የታንጉትን እግር ይዘው ነበር። አልለቀቀችም። በጉልበቷ ወደቀች፤ ወገቧ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ቀና ብላ አልሄደችም፤ ልጅም አላዘለችም።

ሁለተኛው ጩኸት ሲመጣ ተራው የእኔ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ተንበርክኬ አዘልኋት፤ ተነሣሁም፤ ከግቢው በር ግን አላለፍሁም። ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን ሕፃን፣ የራሱን አሮጊት ይዞ እየሮጠ ነው፤ ማንን ትጠራለህ? ታንጉት በጆሮዬ «እታለም፣ አስቀምጪኝ። አንቺ ሂጂ» አለችኝ። እናቴ ወዲያ ወዲህ ካየች በኋላ ወደ ባዶው ጎተራ ጠቆመችኝ። እዚያ ውስጥ አስገባናት፤ ገለባ አለበስናት። «እንዳትሳዪ፣ የኔ ልጅ» አለቻት እናቴ። ሌላ የምትላት አልነበራትም።

ቀኑን ሙሉ ደን ውስጥ ተቀምጠን ጭስ አየን። የማን ቤት እንደሆነ ከዚያ አይለይም። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ዋለች። ስንመለስ ሦስት ቤት ተቃጥሏል፤ የእኛ ተርፏል። ታንጉት ጎተራው ውስጥ እንዳስቀመጥናት ነበረች፤ እንዳታስል ቀሚሷን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎስጉሳዋለች። ስናወጣት ያች ለፍላፊ ልጅ ከቀሚሷ ላይ ገለባውን አንድ በአንድ ለቀመች። ኋላ ላይ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ «ገለባው ላይ እሳት ቢጥሉ ኖሮ በየት በኩል እወጣ ነበር?» አለችኝ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እናቴ ተጎንብሳ አቦ ድረስ ሄደች፤ እኔም ምርኩዟ ሆኜ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጀ ሰላም ተቀምጦ ሳለ መሪጌታ ይባቤን አነጋገረቻቸው። መሪጌታ የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆሙ መቋሚያቸውና እሳቸው የማይለዩ ሰው። ተነሡና «ወገኖቼ፣ ብርን ለመሻገር ብር ጠፋ» አሉ። ሰምና ወርቁ ለልጅም የሚገባ ነበር፤ ወንዙም ብር፣ ገንዘቡም ብር። አንዳንዱ ፈገግ አለ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። «ይችን ልጅ ትናንት ጎተራ ውስጥ ጥለናት ሄደናል። ይታይሽ ብቻ አይደለችም የጣለቻት፤ እኔም ሮጫለሁ። ለልጅቱ በቅሎ እንግዛላት» አሉ።

ሁለት ጥማድ በሬ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በቅሎ? እኛ እንኳ በእግራችን ነው የምንሄደው። አህያ አይበቃትም?» አሉ። በአገራችን አህያ ላይ ሰው አይቀመጥም፤ የተቀመጠ መሳቂያ ነው። እናቴ በሰው ፊት ስትናገር ያን ቀን ነው ያየኋት። ተጎንብሳ እንደ ቆመች «አባቴ፣ አህያ ለጭነት ናት። ልጄ ጭነት አይደለችም» አለች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። በሚቀጥለው እሑድ መጀመሪያ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሁለት ጠገራ።

ሦስት እሑድ ተዋጣ። ያን ጊዜ ማን ምን ነበረው? አንዱ አሞሌ፣ አንዷ ለጠጉሯ ያስቀመጠችውን ቅቤ፣ አንዱ ከቀፎው የቆረጠውን ማር፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች እንኳ አንድ አውራ ዶሮ። ባሏ ከአባቴ ጋር ዱር የገባባት አዲስ ሙሽራ የብር አልቦዋን ከቁርጭምጭሚቷ አውልቃ «ከእግሬ ላይ ነው፣ ለእግሯ ይሁን» ብላ ሰጠች። እኔ አያቴ የሰጠችኝ ሰማያዊ ዶቃ ነበረኝ፤ ወጀት ቢሸጥ ግማሽ አሞሌ ያወጣ ነበር። መደብ ሥር ደበቅሁት። ማንም አልጠየቀኝም፤ ይኸው እኔው ልንገር። ታዝላ ያደገችው እሷ፣ የሚታዘንላት እሷ፣ አሁን ደግሞ በቅሎ የሚገዛላት እሷ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ቀናሁ።

መሪጌታ፣ እናቴና እኔ የተዋጣውን ይዘን ቡሬ ወረድን። ቡሬ ያኔም የመንገድ አፍ ናት፤ ከአባይ ማዶ ከወለጋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ እዚያ ነው ጭነቱን የሚያራግፈው። በርበሬው ዓይን ያቃጥላል፣ የበቅሎው ሽንት አፍንጫ ይበጥሳል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ከምሽጉ የሚነፋ መለከት። አያ ኑሩ የሚባሉ ባለ ነጭ ቆብ የበቅሎ ነጋዴ ዘንድ ሰዎች መሩን። ግራጫ በቅሎ አሳዩን፤ ገራም፣ አጭር፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ። ዋጋዋ ሠላሳ ጠገራ ነው። እኛ የያዝነው ሃያ አይሞላም።

«ማን ሊቀመጥባት ነው?» አሉ አያ ኑሩ።

«ልጄ» አለች እናቴ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ስምንት።»

«የስምንት ዓመት ልጅ ምን በቅሎ ያስፈልጋታል? ትሩጥ እንጂ!»

መሪጌታ ጠጋ ብለው በዝቅታ ነገሯቸው። አያ ኑሩ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን እከክ እከክ አደረጉ። ከዚያ ጠገራውን ተቀበሉ፤ አልቦውንና አሞሌውን ግን መልሰው እናቴ መሶብ ውስጥ ከተቱ። «ጨው ለቤትሽ ያስፈልግሻል፤ አልቦውንም ለባለቤቱ መልሺ። ደግሞ ዋጋዋን ለሰው እንዳትነግሩብኝ፤ ኑሩ አረከሰ ከተባለ ገበያ መውጫ የለኝም» አሉ። ከኋላችን ተከትለው የከተማውን ጫፍ እስክናልፍ በበቅሎዋ ጆሮ የሆነ ነገር እያንሾካሾኩ ሸኙን።

ኮርቻ ቀረ። ታንጉት ወገቧ አይጸናም፤ ተራ ኮርቻ ላይ ብትቀመጥ ትወድቃለች። ጀርባና ክንድ ያለው፣ እንደ ወንበር ያለ ኮርቻ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጫኔ ቆዳ ፋቂው። ጫኔ ቤቱ ከመንደሩ ተለይቶ ነው። እጁ የሠራውን ይገዙታል፣ ቤቱ ግን አይበሉም፤ ዓይኑን ይፈሩታል። እኛን የመንደሩን ልጆች በበሩ ስናልፍ ፊታችንን እንድንሸፍን ነበር የሚነግሩን። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እናቴ ደጁ ድረስ ሄዳ ለመነችው፤ መጣም። ታንጉት ፊት ቁጢጥ አለና «አንቺ ስትቀመጪ የት ላይ ያምሻል?» አላት።

ታንጉት ደነገጠች። ወጌሻው፣ ደብተራው፣ ጸበል አጥማቂው ሁሉ የሚጠይቁት እናቴን ነበር። ለእሷ ማንም ጥያቄ አቅርቦላት አያውቅም። «እዚህ» አለች ዳሌዋን ነክታ፤ «ደግሞ ወደ ግራ እወድቃለሁ።» ጫኔ በሰንበሌጥ ወገቧንና ጭኗን ለካ፤ በግራ በኩል ያለውን ክንድ ከፍ አድርጎ ሠራው። በእርጥብ ቆዳ የተለበጠ፣ በገለባ የተሞላ፣ ከፊቱ ማቀፊያ ያለው። መሪጌታ ከተዋጣው የተረፈውን አሞሌ ሊሰጡት ሲሉ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ሰንበቴያችሁ ላይ አስቀምጣችሁኝ አታውቁም። ማዋጣቱን እንኳ አትከልክሉኝ» አለ። መሪጌታ፣ ያ ሁሉ ቅኔ የሚያውቁ ሰው፣ አሞሌውን እንደ ያዙ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት።

በቅሎዋን ታንጉት ጌጤ አለቻት። ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀኖች ወር እንኳ አይሞሉም ይላሉ፤ ለእኔ ግን የልጅነቴ ግማሽ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብርን ስትሻገር ታንጉት እግሯን ውኃው ሲነካው አይታ «ሲያሳክከኝ ታወቀኝ!» ብላ ጮኸች፤ ውሸቷን ነው፤ እግሯ አይሰማውም። እናቴ ግን ያን ውሸት እንደ ተአምር ለሰው አወራችው። ወጀት ገበያ ወሰድናት፤ አቡጀዲ ሻጮቹን፣ ሾላውን፣ የሰውን ራስ ከላይ ወደ ታች አየች። «እታለም፣ ሰው ሁሉ አናቱ ላይ አቧራ እንዳለበት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን ያየችው ከጉልበቱ ነበርና። መንገዱን ሙሉ ትዘፍናለች፤ ግጥሙን ራሷ ነው የምትገጥመው፦

ሁለት እግር ነሣኝ ብዬ ሳዝን በጌታ፣
አራት አድርጎ ሰጠኝ ይኸው ባንድ አፍታ።

እኔ ልጓሙን ይዤ ከፊት እሄዳለሁ። ቅናቱ የት እንደገባ አላውቅም፤ ጠፋ። አንድ ጊዜ ጩኸት መጣ፤ ታንጉትን ጭነን ከሁሉ ቀድመን ደኑ ደረስን፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችንንም ከኋላዋ አፈናጠጥን። እናቴ ያን ቀን ደን ውስጥ ሳቀች።

ከዚያ አባቴ መጣ። ከአቦ ስንመለስ፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ ወንዙ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ወጣ። ጢሙ ደረቱን ነክቷል፤ በርኖሱ ተቦጫጭቋል፤ ለመጀመሪያ አፍታ አላወቅሁትም። ከኋላው ሁለት ሰዎች በቃሬዛ አንድ ቁስለኛ ይዘዋል፤ አለቃቸው ነው፤ ሆዱ በሻሽ ተጠቅልሎ ሻሹ ጠቁሯል። አባቴ እኔን ሳመኝ፤ ታንጉትን በቅሎ ላይ አየና ዓይኑ ቀረ። ነገሩ ገባው፤ ግን ጊዜ አልነበረውም።

«ይታይሽ፣ በቅሎዋን እወስዳታለሁ» አለ።

«የእኔ አይደለችም። የደብሩ ናት» አለች እናቴ።

«ሰውየው ፈጥኖ ቆላ፣ ቁስል የሚያክመው ሰው ዘንድ ካልደረሰ ያልፋል። እነዚህ ሰዎች ሁለት ቀን ተሸክመውታል፤ ትከሻቸውን ተመልከች።»

እናቴ ትከሻቸውን አየች። ሸክም ምን እንደሆነ ለእሷ አይነገርም። «እኔን አይጠይቁኝ። ልጅዎን ይጠይቋት» አለችው።

አባቴ ወደ በቅሎዋ ሄደ። ያ ለጥይት የማይበገር የሚሉት ሰው ልጓሙን በሁለት እጁ ያዘ። «ታንጉትዬ» አለና ወደ ቃሬዛው አመለከታት። ታንጉት ቁስለኛውን አየች፣ ጌጤን አየች። «ይመልሷታል፣ አባባ?» አለችው።

«እመልሳታለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«እንግዲያስ አውርዱኝ» አለች።

አባቴ አቅፎ አወረዳት፤ የወንበር ኮርቻውንም ፈቶ ዋንዛ ሥር አስቀመጠው፤ ቁስለኛው ተጋድሞ ነው የሚሄደው። ሲሄዱ ጌጤ በደህናው ዓይኗ በኩል ዞር ብላ አየችን፤ ወይም ለእኔ እንዲህ መሰለኝ። ታንጉትን ከዚያ እስከ ቤት ጎረቤቶች እየተቀባበሉ አዘሏት።

የሚቀጥለው ጩኸት ሩቅ አልነበረም። እናቴ ዳግመኛ ጎተራ አላለችም። «አንቺ ሂጂ፣ ስመኝ። እኔ ከእሷ ጋር እቀመጣለሁ» አለችኝ። እምቢ አልሁ፤ አለቀስሁ፤ በኋላ በምርኩዟ አባረረችኝ። የሆነውን የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ለጣሊያን ያደሩት የሐበሻ ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ገቡ። ታንጉት የጫኔን ኮርቻ ወንበር አድርጋ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። አንድ አማርኛው ወደ ትግርኛ የሚያዘነብል አስካሪ፣ ክብሪት በእጁ ይዞ፣ «ውጡ!» አለ። እናቴ «እሷ አትችልም፣ እኔም አልችልም» አለችው። ሰውየው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና ታንጉትን አቅፎ አውጥቶ ደጅ አስቀመጣት። «ወንበሬን» አለችው ታንጉት። ተመልሶ ገባና ወንበሩን አመጣላት፤ እላዩ ላይም አደላድሎ አስቀመጣት። «ይማሩኝ፣ እናቴ፤ ታዝዤ ነው» አለና ቤቱን ለኮሰው። እኔ ስመለስ ታንጉት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የምሰሶውን ፍም ትመለከት ነበር። «ሰውየው ሲያቅፈኝ ቀስ ብሎ ነው» አለችኝ። እስከ ዛሬ ያን ሰው ልረግመውም ልመርቀውም አልቻልሁም።

ጣሊያን ወጣ። ንጉሡ ሲገቡ ወጀት ስሟ ተለወጠ፤ የሰላም መንገድ ተባለች። አባቴም በእግሩ መጣ። ታንጉት ፊቱን አይታ አልጠየቀችም፤ እሱ ራሱ ነው የተናገረው። አለቃው ድኗል። ሁለት ቀን ጌጤ ላይ ሄዶ ቆላ ደርሶ ድኗል፤ ኋላም ልጆች ወልዷል። ጌጤን ግን ከዚያ ለሌላ ቁስለኛ ወሰዷት፣ ከዚያ ለጥይት፣ ከዚያ ለሌላ ጦር፤ በመጨረሻ የአባይ ገደል ላይ ተንሸራተተች አሉ። አባቴ ይህን ሲናገር ታንጉትን ሳይሆን እጆቹን ነበር የሚያየው። ምን ይባላል? ሰው ድኖባታል። የምንቆጭበት መብት እንኳ አልቀረልንም።

አንድ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጥባ ለብሳ ወደ አቦ ወጣች። መሪጌታን ልታነጋግር ነበር። ደጀ ሰላም ተቀምጣ የሚወጣውን የሚገባውን አየች፤ ቤቱ የተቃጠለ፣ በሬው የታረደ፣ ልጁ የሞተ። ቅዳሴው ሲያልቅ ተነሥታ ተመለሰች። «ሁለተኛ አይለመንም» አለችኝ። በኋላ ሰው ሲያገግም፣ ጎጆው ሲታደስ፣ ታንጉት ልጅ መሆኗ ቀርቶ ነበር። ጡት አወጣች፤ ድምፅዋ ከበደ። ልጅ ሲሆን ያሳዝናል፤ ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ሴት ግን ማን መቋሚያ ይዞ ይነሣል? ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለመዷት ብቻ ነው። ደጃፍ ላይ እንዳለች ድንጋይ ለመዷት። እኔም ለመድኋት። አግብቼ ወጀት ገባሁ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ እየሄድሁ ሳምኋት።

ያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ፈተለች። እንደ እሷ ቀጭን የሚፈትል በአካባቢው አልነበረም፤ የሙሽራው ሁሉ ኩታ በእሷ እጅ አልፏል። መንገደኛ ሲመጣ «ብር ሞልቷል? ሾላው አለ? አሁን ገበያው ወዴት ዞረ?» ትላለች። ሰውም ይነግራታል፤ እሷ ደግሞ ለሚቀጥለው አሳምራ ትነግረዋለች። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት፣ በጥቅምት፣ ደረቷን አመማትና በአራት ቀን አለፈች።

ለቀብሯ ከሁለት ደብር ሰው መጣ። እሷ የፈተለችውን ኩታ ያልለበሰ የለም። ቃሬዛውን ለመሸከም ወንዶቹ ተሻሙ፤ «ደክመሃል፣ ለእኔ ስጠኝ» «ቆይ፣ ገና አሁን መያዜ ነው» እየተባባሉ። የጫኔ ልጅም መጥቶ ከሰዎቹ መካከል ትከሻውን አስገባ፤ ማንም ዞር በል አላለውም። ብር ላይ ስምንት ሆነው ከፍ አድርገው አንሥተው ውኃ ሳይነካት አሻገሯት። አባቴ ከፊት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ተጎንብሳ ከኋላ ትከተላለች፤ ያን ቀን ሙሾ አላወጣችም፣ ፊቷንም አልነጨችም። ወደ አቦ የሚወጣው አቀበት ላይ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ሲፈጥኑ ግን ቆመች።

«ልጆቼ፣ ቀስ በሉ» አለቻቸው፤ «ቀስ በሉ፤ መንገዱን ትየው።»

ወንዶቹ ቀስ አሉ።